የቡና አበባ የማይስማማት ነርስ

ሳቢሃ! ነይ ወዲህ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ። ከኔና ከሩፈይዳ መሀል ግቢ፣ ቦታ ሞልቷል። የኔ የዙህራ ወርድ አያስፈራሽ፤ አግዳሚው የመንግሥት ነው፣ ቢሰበርም ሌላ ያመጣል። ሩፈይዳ፣ ጠጋ በይላት የወንድሜ ልጅ፤ ቀስ ብለሽ፣ ሆድሽን ደግፈሽ… እንደሱ። እንዴት አደርሽ ሳቢሃ? ልጆቹስ? ላሟስ ወለደች? ማሻአላህ፣ ጥጃዋን አላህ ያሳድግልሽ። ታዲያ ጤና ጣቢያ ምን እግር ጣለሽ? ጆሮሽን? የትኛውን፣ ግራውን? ውይ በሞትኩት! እንግዲያው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማወራሽ። የታመመ ጆሮ ላይ ማንሾካሾክ ግፍ ነው። አግዳሚው ላይ ያለው ሌላው ሰው ከሰማ… ምን ላድርግ? ጥፋቱ የጆሮሽ ነው፣ የኔ አይደለም።

ያለፈው ሳምንት ዝናብ እንዴት ሠራ አየሽ? ቡናው ስንት ጊዜ ጠምቶት ከርሞ፣ ይኸው ዛሬ በሙሉ ፈነዳ። ጠዋት በሩን ስከፍት እኮ ደነገጥኩ። ጓሮው ነጭ በነጭ! ወላሂ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ሳይወጣ፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ነርሶች ተሰልፈው የመጡልን ነው የመሰለኝ። «ሀቢቡላህ! ወንድሜ! ተነስ፣ መንግሥት ነርስ ላከልን!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ነፋስ መጣና ሽታው አወደኝ። ለካ ቡና ነው። ብቻዬን ቆሜ ስስቅ ዶሮዎቹ ሸሹኝ።

እዚህ ድረስ ይሸታል እኮ፣ አልሸተተሽም? በደንብ አሽትቺው፤ የታመመው ጆሮሽ እንጂ አፍንጫሽ አይደለም። እ? ደረትሽ አልዘጋም? ትንፋሽ አላጠረሽም? ዓይንሽስ አላበጠም? ምንም? አልሀምዱሊላህ በይ። ሁሉም ሰው እንዳንቺ ዕድለኛ አይደለም…

ይቅርታ እትዬ፣ እዚያ ዳር ላይ ፀሐይ እየመታዎት ነው መሰለኝ። ጠጋ ይበሉ ወደኛ። እዚያው ይሻልዎታል? እሺ፣ እንደወደዱ። ያ ሻርፕዎ ግን እንዴት ያምራል! አረንጓዴ ላይ ወርቃማ ጥለት… ዓይኔ እዚያው ቀረ እኮ። ሰቃ ገበያ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

ወረፋው? ወረፋውማ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነው፤ ከኛ ጋር ተቀምጦ ያወራል። ውስጥ ያለችው ጵርስቅላ ብቻዋን ናት። የሆሳዕናዋ ልጅ። መጀመሪያ ስትመጣ ስሟን መጥራት አቅቶኝ «የኔ ልጅ» እላት ነበር፤ አሁን ስሟን አውቄውም የኔ ልጅ ነው የምላት። ክትባቱን እሷ፣ ቁስሉን እሷ፣ ማዋለዱን እሷ፣ ደም ግፊቱን እሷ። ኦሮምኛ አንዲት ቃል ሳታውቅ መጥታ፣ አሁን ሽማግሌዎቹን «ማሎ አባቴ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ» ብላ ስትለምን ብታያት! «ጌታ ይባርክሽ» ትለኛለች፣ «አሚን» እላታለሁ። ምረቃ ሲመጣ ከየት መጣህ ይባላል እንዴ?

ሆዷን ግን አየሽው? አላየሽም! ከሩፈይዳ እኩል ሆናለች። ባለፈው ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሆድ ለሆድ ሲተያዩ ሳቅ ገደለን። ጵርስቅላ ምን አለቻት? «አንቺ ከቀደምሽ አዋልድሻለሁ። እኔ ከቀደምኩ ግን…» አለች። ሩፈይዳም መሳቋን አቆመች። እኔም። እሷ ወሊድ ፈቃድ ስትወጣ እዚህ ማን ይቀራል ሳቢሃ? ዘበኛው? ዘበኛው ደም ሲያይ ይወድቃል፤ ባለፈው የጣቱን ቁስል ሲያሽጉለት ሁለት ሰው ነው የያዘው። ጅማ ትሂድ ትያለሽ? ክረምቱ ሲገባ መንገዱን ታውቂዋለሽ። የሪያድ ባጃጅ በዚያ ጭቃ ውስጥ ሰው ጭኖ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰው ባጃጁን ሲጭነው ነው ያየሁት።

ሁለተኛ ነርስ የለም ወይ? እንዴ! ማን የለም አለሽ? አለች እንጂ! ከመቼ ወዲህ! ያውልሽ በሩ፣ ያ በሰማያዊ የተቀባው። አልጋ አለው፣ ወንበር አለው፣ መጋረጃ ሳይቀር ተሰቅሏል። ዘበኛው በየጠዋቱ ወንበሩን ይወለውላል። እንዲህ ንጹህ ወንበር እኮ ጅማም አታገኚም፤ ሰው አልተቀመጠበትማ! ነርሷ ብቻ ናት ያልገባችው። እሷም መጥላት ሆኖ አይደለም፣ ጤናዋ ነው… ምስኪን።

አታውቂም እንዴ ታሪኩን? አንቺ ያኔ አጋሮ ነበርሽ። ልንገርሽ፤ ስም ግን አልጠራም፣ ስም መጥራት ሐሜት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

መንግሥት «ነርስ አጥሯል» አለ። «ከየቀበሌያችሁ አንዳንድ ልጅ ስጡኝ። እኔ አስተምራለሁ፣ እኔ አበላለሁ፣ እኔ አሳድራለሁ። ተምራ ስትጨርስ ግን ተመልሳ የራሷን ሰው ታገልግል» አለ። ደግ አላለም? ደግ ነው ያለው። ከኛ ቀበሌ ሁለት ልጆች እኩል ነጥብ አመጡ፤ ቦታው አንድ። መስጊዱ ግቢ ተሰበሰብን። ምን እናድርግ? ዕጣ እንጣል? ሽማግሌው ይህን ሲያወራ አንዲት እናት ብድግ አለች። አቤት አነጋገር! ማር ነው የምታፈሰው። «ይቺን ልጅ ለራሴ አልወለድኳትም፣ ለእናንተ ነው የወለድኳት። ነጩን ልብሷን ለብሳ እዚሁ፣ በእናንተ ደጅ፣ እናንተን ስታክም ካላየሁ ዓይኔ አይከደን!» አለችና አለቀሰች። ዱጉማ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዋ መሬት ነካ። አንጀታችንን በላችው። የሌላኛዋ ልጅ አባት ራሱ ተነስቶ፣ «ተዉ፣ የሷ ልጅ ትሂድ። ነርስ ከሆነች የማንም ብትሆን የሁላችን አይደለችም ወይ?» አለ። ፋቲሃ ተቀራ፣ «አሚን» ተባለ፣ አለቀ። እንዲህ ያለች እናት ከየት ይገኛል? እኔ ብሆን እንዲያ ማልቀስ አልችልበትም። እኔ ሳለቅስ አፍንጫዬ ነው የሚቀድመው።

ከዚያማ ሽኝቱ! ቅቤው፣ ማሩ፣ በሶው! ነጩን ጋውን ደግሞ እኛ ሴቶች ነን ያሰፋንላት። ኮሌጁ ይሰጣል ቢሉም እንቢ አልን፤ የኛ ልጅ የሰው ልብስ ለብሳ? ጨርቁን አዋጥተን ገዝተን፣ ጅማ መርካቶ ሳሊሀ ዘንድ ወሰድነው። ሳሊሀን ታውቂያታለሽ፣ የስፌት መኪናዋ የምትዘፍነዋን ሰፊ። ኪሱ ላይ በነጭ ክር የቡና አበባ ጠለፈችበት። «በሄደችበት ሀገሯን እንዳትረሳ» አለች። እዩልኝ እንግዲህ፣ የሳሊሀን ጭካኔ! ለካ ልጅቷን በቁሟ የሚገድል መርዝ ነው ደረቷ ላይ የሰፋችባት! ማን አወቀ? ተምራ እስክትጨርስ ድረስ ያንን አበባ ለብሳ መክረሟ… አላህ ነው ያተረፋት።

ምን ሆነች? ቆይ፣ አትቸኩይ፣ ወረፋው እንደሆነ አይሄድብንም።

ልጅቷ ተመረቀች። ማሻአላህ፣ ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። ፎቶዋ ተነሣ፣ ሳሎን ተሰቀለ፤ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ከበሩ ይበልጣል። ከዚያ ምደባ መጣ፤ እዚሁ፣ እኛው ጋ፣ በቃላችን መሠረት። እኛ ሴቶች ያን ሰማያዊ በር አስቀባን፣ መጋረጃ ሰቀልን። እናትየው ግን ወረዳ ጤና ቢሮ ሄደች። ምን አለች መሰለሽ? «ልጄን የቡና አበባ አይስማማትም። ሲሸታት ደረቷ ይዘጋል። ከተማ መድቡልኝ፣ ወይም ልቀቁልኝ።»

አትሳቂ! ሰው ታሞ ይሳቃል? ሩፈይዳ፣ አንቺም እግሬን አትርገጪ፤ እያዘንኩ እኮ ነው የማወራው። አስቢው እስቲ ሳቢሃ። ቡና ሥር ተወለደች። ቡና ሥር እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷ ቀይ ቡና ስትለቅም ልጅቷ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ቅጠሉን ስትበላ እኔ ነኝ ከአፏ ያወጣሁት። በየዓመቱ አበባው ሲፈነዳ ከሁሉ ቀድማ ፀጉሯ ላይ የምትሰካው እሷ ነበረች። ምንም አልሆነችም! ልክ የምደባው ዕለት ግን… ደረቷ ዘጋ። ትምህርት እንዲህ ነው። ሰው ካልተማረ ምን እንደማይስማማው በምን ያውቃል? እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የወጣሁት፤ ለዚህ ነው ሁሉም ነገር የሚስማማኝ። ጭቃው ይስማማኛል፣ ጭሱ ይስማማኛል፣ ወረፋው ይስማማኛል። ትንሽ ገፋ አድርጌ ብማር ኖሮ ይሄኔ ሥራ ራሱ ባልተስማማኝ ነበር።

የወረዳው ሰውዬም ግራ ገባው። ምን ያድርግ? «እንግዲህ እስከ መጪው ሐሙስ እጠብቃለሁ። ከመጣች ወንበሩ የሷ ነው። ካልመጣች ቦታው ለሌላ ወረዳ ይሰጣል» አለ። ለሌላ ወረዳ! ሰማሽ? ያ በር፣ ያ መጋረጃ… ከዚያ በኋላ እኛን መቼ ያስታውሰናል? ሐሙስ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሐሙስ እንደው ዝም ብሎ ይመጣል፤ እሱ ነርስ አይደለ።

ልጅቷ አሁን የት ናት? ደህና ናት፣ አትስጊ፤ ጥሩ አየር ያለበት ነው ያስቀመጧት። ጅማ መርካቶ፣ የአክስቷ ኮስሞቲክስ ቤት። ባለፈው ሳሊሀ ጋ ስሄድ በዚያ አልፌ አየኋት። የደንበኛዋን እጅ እንዲህ ገልብጣ ትይዛለች፣ በጣቷ ዳበስ ዳበስ ታደርጋለች፤ ለመርፌ ሥር የምትፈልግ ነው የሚመስልሽ፤ ከዚያ ሊፒስቲክ ትሞክርላታለች። አቤት አያያዟ! እጇ አይንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ አይስት። በውነቱ መንግሥታችን ይመስገን። በነፃ አብልቶ፣ በነፃ አሳድሮ፣ ሊፒስቲክ መቀባት የሚያስተምር መንግሥት የት ሀገር አለ? እኔንም «እማማ፣ ለፊትዎ የሚሆን ቅባት አለ» አለችኝ። «የኔ ልጅ፣ ለወንድሜ ልጅ ምጥ የሚሆን የለሽም?» አልኳት። ዕቃ ልታወርድ ወደ ጓዳ ገባች። ጥቂት ቆሜ ጠበቅኋት… ዕቃው ሩቅ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ የሚያስደስተውን ልንገርሽ። ተሽሏታል! ወላሂ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በቅርቡ አጋሮ ሠርግ አልነበረም? አጋሮ ዝናቡ ቀድሞን ስለገባ አበባው ቀድሞ ፈንድቷል። ሪያድ የሠርጉን ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ፤ ሙሽሮቹ ቡናው መሀል ገብተው ፎቶ ሲነሱ። ነጭ በነጭ፣ ልክ እንደኛ ጓሮ። እና መሀል ላይ ማን ትጨፍራለች? በሽተኛችን! ፀጉሯ ላይ የቡና አበባ ጎንጉና! ቅርንጫፉን ይዛ ስታራግፈው አበባው እንደ በረዶ ላይዋ ላይ ይወርዳል። ደረቷ ዘጋ ብዬ ሳለቅስላት የከረምኩት ልጅ፣ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ናት! ትንፋሿ ለሦስት ሰው ይበቃል። «ሪያድ፣ መልሰው» አልኩት። መለሰው። «አሁንም መልሰው» አልኩት። ባትሪው እስኪያልቅ ለደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የአጋሮ አበባ ሌላ ነው እንዴ ሳቢሃ? አንቺ እዚያ ኖረሻል። የተማረ አበባ ይሆን? ወይስ በሽታው ሠርግ ያከብራል? ከኋላዋ ደግሞ እናቷ ቆማ ታጨበጭባለች። ደስ ብሏት፣ አጊጣ፣ አረንጓዴ ሻርፕ ጣል አድርጋ… ወርቃማ ጥለት ያለው።

እትዬ፣ ሻርፕዎ ወደቀ እኮ! ምነው አወለቁት? ፀሐዩ ነው? ቆይ ላንሳልዎት… ይኸው። ሲነኩት ደግሞ እንዴት ይለሰልሳል! ቦርሳ ውስጥ አይጨምሩት፣ ይጨማደዳል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሊያየው እንጂ ሊደበቅ አልተሠራም።

ምንዎን አሞዎት ነው የመጡት ግን እትዬ? ግፊት ነው? ውይ! ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ሲጠብቅ ይብስበታል ይላሉ። አይዞዎት፣ ጵርስቅላ ትለካዎታለች። ከዙህር ሶላት በፊት ካልሆነ ከሶላቱ በኋላ። ሁለት ነርስ ብትኖር ኖሮ ይሄኔ ተለክተው፣ ታክመው፣ ቤትዎ ገብተው እግርዎን ዘርግተው ነበር። ግን እንግዲህ የሰው ልጅ ጤና ይቀድማል አይደል? እኛ እንጠብቅ እንጂ ያቺ ምስኪን ልጅ ትታፈን እንዴ?

ሩፈይዳ! ክርንሽን! ጎኔ እኮ ሥጋ ቢበዛበትም ያማል! ምን አልኩ? ስም ጠራሁ? ሳቢሃ፣ ስም ሲወጣኝ ሰማሽ? ይኸው፣ ጆሮዋን የሚያማት ሴትዮ እንኳ አልሰማችም። ይቺ ልጅ እንደ አባቷ ናት፤ እሱም መስጊዱ ግቢ «ተዉ፣ የሷ ልጅ ትሂድ» ብሎ ተቀመጠ… እህ? አላልኩሽም እንዴ? ሁለተኛዋ ልጅ እሷ ነበረች ሳቢሃ። ይቺው፣ አጠገብሽ ሆዷን ይዛ የምትተነፍሰው። እኩል ነጥብ ያመጣችው። ያን ዕለት ቤት ገብታ ደብተሮቿን ጠቅልላ ሳጥን ላይ አወጣች። ሽኝቱ ቀን ደግሞ የጋውኑን ቁልፍ የተከለችው ማን ይመስልሻል? ከዚያ አገባች፣ አልሀምዱሊላህ፣ ባሏ ጥሩ ልጅ ነው። አንድ ቀን ቆጭቷት እንደሆነ ስጠይቃት ምን አለችኝ? «አክስቴ፣ እኔ ስወልድ እሷ አትኖርም ወይ?» አለችኝ።

…

ዓይኔን ለምን እጠርጋለሁ? ምንም፣ አቧራ ነው። አይ፣ አበባው ነው! ይኸው፣ እኔንም አልስማማኝ ማለት ጀመረ፤ ተምሬ ሳልጨርስ!

ጵርስቅላ ወጣች። አየሻት ሳቢሃ? ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። የኔ ልጅ፣ ቀጣይ ማን ነው? ሩፈይዳ ናት? አይሆንም፣ አይሆንም። እትዬ ይቅደሙ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይነሱ። ሩፈይዳ ትጠብቃለች፤ ለእርስዎ ቤት ቦታ መልቀቅ ለሷ አዲስ ነገር አይደለም። ይነሱ እንጂ። እጅዎን ይስጡኝ… እንደሱ። ጵርስቅላ፣ ቀስ አድርገሽ ለኪልኝ፣ የተከበሩ እናት ናቸው፣ እንደ ራስሽ እናት ያዢልኝ።

ቆይ፣ ቆይ፣ ከመግባትዎ በፊት። ሰው ለሕክምና ሲገባ ሳይመረቅ አይገባም፤ እኛ ጋ እንዲህ ነው ልማዱ። ሁላችሁም መዳፋችሁን ዘርጉ። ሳቢሃ፣ ዘርጊ። ሩፈይዳ። ዘበኛው፣ አንተም ጨርቁን አስቀምጥና ዘርጋ። እትዬ፣ እርስዎም… እንደሱ፣ ከፍ አድርገው። ያቺን ስሟን ያልጠራኋትን እናት ልመርቃት ነው፤ ያን ሁሉ አመስግኜ ሳልመርቃት ብቀር ደስ አይለኝም።

ያ አላህ፣ ለዚያች እናት ረጅም ዕድሜ ስጣት። ቤቷን ሙላው። የልጇን ሠርግ አሳያት፣ የልጅ ልጅ አሳቅፋት። አንድ ቀን ደግሞ፣ አይቀርምና፣ እሷም ጨንቋት፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ «የሰው ያለህ!» ያለች ቀን… እንደ ጵርስቅላ ያለች የሰው ሀገር ሰው አትስጣት። ልክ እንደ ራሷ ልጅ ያለች ነርስ ላክላት።

አሚን በሉ። አሚን ሳቢሃ፣ አሚን የኔ ልጅ።

እትዬ… አሚን አይሉም እንዴ?